ስለ ዕውቀትና ስለ ጥቅም

በጥንት ዘመን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፥ በእስክንድርያ ከተማ ኤውክሊድስ የሚባል የግሪክ ሊቅ ነበረ። ይህ ሊቅ የምድር ልክን ትምህርት፥ ማለት ጂኦሜትሪን፥ በ13 ክፍል አድርጎ ጻፈ፤ መጽሐፉም ከ2000 ዓመት በላይ በብዙ አገር የተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ኖረ። ስለ እርሱም እንዲህ ተብሎ ይተረካል። አንድ ሰው ሊማር መጥቶ የመጀመሪያውን ትምህርት እንደ ጨረሰ፥ ይህን በማወቄ ምን አተርፋለሁ ብሎ ጠየቀ። ኤውክሊድስም አገልጋዩን ጠርቶ፥ ይህ ሰው ከሚማረው ነገር ትርፍ ማግኘት ይፈልጋልና ሦስት ኦቦል ስጠው አለ ይባላል። ኦቦል የዚያ ዘመን ትንሽ ገንዘብ ነው። ታሪኩ የተጻፈው ሊቁ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነውና፥ እንደ ምሳሌ ቢያዩት ይሻላል።

መምህራን ይህን ነገር ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ የሊቁ መልስ ፈጣንና ብልኅ ነውና። ዳሩ ግን ደኅና አድርጎ ለተመለከተው፥ መልሱ ተማሪውን አሳፈረው እንጂ ጥያቄውን አልመለሰለትም። የመጽሐፉ መጀመሪያ ሦስቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። ይህ ሦስት ማዕዘን ለምን እንደሚጠቅም፥ ባይጠቅምም ስለ ምን መማር እንደሚገባ፥ ተማሪው ሲመጣ እንዳላወቀ ሲሄድም አላወቀም። ምን አተርፋለሁ ማለት የስስታም ጥያቄ ነው ብሎ መናቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የድሀም ጥያቄ ነው።

ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ገበሬ እረኛውን ያጣል። ሴት ልጇን የምትልክ እናትም ውሃውን ራሷ ትቀዳለች፥ እንጨቱንም ራሷ ትለቅማለች። እነዚህ ሰዎች ልጃችን የሚማረው ነገር ምን ያደርግልናል ብለው ቢጠይቁ፥ ዋጋውን የሚከፍሉት እነርሱ ስለ ሆኑ መጠየቅ ይገባቸዋል። ጥያቄያቸውን በቀልድ የሚመልስ መምህር ጎተራቸውን ከፍቶ ያላየ ሰው ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ከብዶ የሚታየው በቅኔ ቤት ነው። ልጁ ከአባቱና ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ስማቸው ወደ ተሰማ የቅኔ መምህራን፥ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል። ቀን በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ይለምናል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ አንዳንዱ ቤት ቁራሽ ይሰጠዋል፥ አንዳንዱም እግዚአብሔር ይስጥልን ብሎ ያሰናብተዋል። ሌሊት በምታፈስ ጎጆ ተቀምጦ፥ ማንም ሰው በእናቱ ጭን ሆኖ በማይማረው በግዕዝ ቋንቋ፥ ሰሙን ከወርቁ እያስማማ ቃል ይፈልጋል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ለመድረስ ብዙ ክረምት ይፈጅበታል። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው፥ የደከመበት ቅኔ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያልፍ መሆኑ ነው። የዛሬውን ለነገ ማቆየት፥ የሌላውንም ሰው ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ መናገር ነውር ነው፤ ለነገው በዓል ሌላ አዲስ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል? ቅኔ አይበላም፥ አይለበስም፥ ዝናምም አያስጥልም። በቀድሞ ዘመን የተማረው ሰው መሪጌታ ወይም ጸሐፊ ይሆን ነበር፥ ወይም በመኳንንት ዘንድ ሞገስ ያገኝ ነበር፤ ስለዚህ አባቱ ቢጠይቅ የሚመልሰው ነገር አያጣም ነበር። ዛሬ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ሌላ ወረቀት ነው። እንግዲህ ቅኔ ቤቱን ዘግቶ ልጁን ወደ ሌላ ሙያ መላክ ነውን? ብዙ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ ነገሩንም የሚሉት በክፋት አይደለም።

ዕውቀትን የሚወድዱ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚሰጡት አንድ መልስ አለ። ይኸውም፥ ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለው ዕውቀት ነገ ይጠቅማል የሚል ነው። ለዚህም እውነተኛ ምሳሌ አላቸው። ከኤውክሊድስ በኋላ የተነሣ፥ አጵሎንዮስ የሚባል የጴርጌ አገር ሰው፥ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጣጣ የሆነ ነገር ሲቆረጥ የሚወጣውን መልክ ሁሉ መረመረ። ከመሠረቱ ጋር ትክክል ሆኖ በአግድም ቢቆረጥ ክብ ይወጣል፤ ጥቂት ዘንበል ብሎ ቢቆረጥ ሞላላ ይወጣል፤ ይበልጥ ቢዘነብል ደግሞ የማይዘጋ ጉብጥ መሥመር ይወጣል። ስለዚህ ነገር 8 መጻሕፍት ጻፈ፤ ከእነርሱም አራቱ በግሪክኛ፥ ሦስቱ በዐረብኛ ትርጓሜ ተርፈዋል፤ ስምንተኛው ጠፍቷል። በዚያ ዘመን ሞላላ መሥመር ለገበሬም ለነጋዴም ምንም አያደርግም ነበር። ነገር ግን 1800 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1609 ዓመት፥ ዮሐንስ ኬፕለር የተባለ የጀርመን አገር ሊቅ ማርስ የሚባለው ኮከብ በፀሐይ ዙሪያ የሚሄድበት መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ገለጠ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኬፕለር የመሥመሩን ጠባይ እንደ አዲስ መፈልሰፍ አላስፈለገውም፤ አጵሎንዮስ አስቀድሞ ጽፎት ቆይቶ ነበርና። ዛሬም በምድር ዙሪያ የሚዞሩት ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች መንገዳቸው የሚታሰበው በዚሁ መሥመር ነው።

ይህ መልስ እውነት ነው፤ ግን ደካማ ነው። ለአንዱ አጵሎንዮስ ስንት ሌሎች ደክመው የጻፉት ለምንም ሳይውል ቀረ! የቅኔው ተማሪም፥ የእኔ መወድስ ከ1800 ዓመት በኋላ ለአንድ ነገር ይውላል ብሎ ለአባቱ ቢነግረው፥ ያ አባት የሚመልስለት የታወቀ ነው። የዘንድሮ ረኃብ ለልጅ ልጅ ልጅ በሚከፈል ብድር አይታገሥም። ከዚህም ሁሉ ይልቅ፥ ይህን መልስ የሚሰጥ ሰው ሳያውቀው ለተቃዋሚው ተሸንፏል። ዕውቀት የሚከበረው ስለ ጥቅሙ ነው ሲል አምኗልና፤ የጠየቀው ጊዜ እንዲሰጠው ብቻ ነው። አጵሎንዮስ ራሱ ስለ ማርስ መንገድ ብሎ አልደከመም። መልኩ ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ስለ ወደደ ደከመ።

ስለዚህ ጥያቄውን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ጠቃሚ ነው ማለት ለሌላ ነገር ይሆናል ማለት ነው። ማረሻ ለምን ነው? ለእርሻ ነው። እርሻ ለእህል፥ እህል ለእንጀራ፥ እንጀራ ለሕይወት ነው። ከዚያ በኋላስ? ሕይወት ለምን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ ለማረሻ ነው የሚል ሰው የለም። እንዲህ ከሆነ ነገሩ መጨረሻ የሌለው አዙሪት ይሆናልና። እንግዲህ ለሌላ ነገር ሳይሆን ስለ ራሱ የሚፈለግ አንድ ነገር በመጨረሻው መኖር አለበት፤ ጠቃሚው ሁሉ የሚጠቅመው ወደዚያ ስለሚያደርስ ነው። ዕውቀት ብቻውን ያ ነገር ነው ማለት ትዕቢት ነው፤ ፍቅርም አለ፥ ጸሎትም አለ፥ የወዳጅ ጨዋታም አለ። ዕውቀት ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጥ ነው እንጂ በጓዳ ቆሞ የሚያገለግል ብቻ አይደለም።

ይህን ለማየት ወደ ሊቃውንት ቤት መሄድ አያስፈልግም። የገበሬው ልጆች ማታ እራታቸውን በልተው በእሳት ዳር ሲቀመጡ፥ አንዱ እንቆቅልህ ይላል፥ ሁለተኛው ምን አውቅልህ ይላል። መልሱን ያጣው አገር ስጠኝ ይባላል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ጎጃምን በሙሉ አንሥቶ ይሰጣል። ልጆቹ ከዚህ ጨዋታ ምንም አያተርፉም፤ የተሰጠውም አገር እዚያው ስፍራው ላይ አለ። ቢሆንም መልሱን ያላወቀው ልጅ ሳይነገረው እንቅልፍ አይወስደውም። ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም የጠየቀው አባትም በመደብ ላይ ጋደም ብሎ ያዳምጣል፤ መልሱንም ከልጆቹ ቀድሞ ሊያገኝ በልቡ ይፈልጋል። ሆድ ሲጠግብ የሚነቃ ሌላ ረኃብ አለ፤ ከዚህ ረኃብ የተፈጠረውን ዕውቀት ሁሉ በሰባራ ሳንቲም መመዘን የሚዛኑን ዐይነት መሳት ነው።

ጥቅምን ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ዕውቀትን በመንገድ አጋማሽ ይተወዋል። የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ለዚህ መልካም ማስረጃ ነው። ይህ ትምህርት ጾሞችና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ስለሚያሳውቅ በእውነት ጠቃሚ ነው። ተማሪው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራል፤ ድምሩን በ19 ይገድፋል፤ ከቀሪው አንድ ሲያነሣ የተረፈው ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴን፥ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዕን ያገኛል። በ2016 ዓመተ ምሕረት ወንበሩ 10፥ አበቅቴው 20፥ መጥቅዑ 10 ነበረ። ቀን ለማግኘት ለሚፈልግ ሰው ይህን ደንብ መያዝ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ደንቡን መያዝ አያስፈልገውም፥ በግድግዳ የሚሰቀለው የታተመ የቀን መቍጠሪያ ይበቃዋል።

አንዳንድ ተማሪ ግን በዚህ አይረካም። ስለ ምን 11? ስለ ምን 19? ብሎ ይጠይቃል። እየመረመረም ሲሄድ፥ የፀሐይ ዓመት ከ12 የጨረቃ ወር በ11 ቀን ያህል እንደሚበልጥ፥ አበቅቴም ይህን ትርፍ የሚቈጥር መሆኑን ያገኛል። ከ30 ላይ 11 ሲነሣ 19 ይቀራል፤ አበቅቴና መጥቅዕም ሲደመሩ 30 የሚሆኑት ስለዚህ ነው። ደግሞም 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር ትክክል ሊሆኑ ምንም ያህል አይቀራቸውም፤ ስለዚህ በ19 ዓመት ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀንዋ ትመለሳለች። እዚህም አይቆምም። ምንም ያህል የተባለውን ልዩነት ቢመረምር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሆኖ ያገኘዋል፤ ይህም ሲከማች በ300 ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። እንግዲህ በሒሳብ የምትቈጠረው ጨረቃና በሰማይ የምትታየው ጨረቃ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ይህን በማወቁ የፋሲካ ቀን አልተለወጠለትም፤ ደመወዝም አልተጨመረለትም። ነገር ግን ሌላው ተማሪ የሚደግመው ቍጥር ብቻ ሲሆን፥ ለእርሱ ያው ቍጥር ሰማዩን የሚያይበት መስኮት ሆነለት። ደንቡ ቢጠፋበት መልሶ ሊያገኘው ይችላል፤ ያኛው ግን መጽሐፉ ቢቃጠል አብሮ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን፥ ጠቃሚ ዕውቀት ዝቅ ያለ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ብለው የሚያስቡ ሰዎች በብዙ አገር ነበሩ፤ በኢትዮጵያም ይህ አሳብ ብዙ ጉዳት አድርጓል። ቀጥቃጩ ማረሻውን፥ ሸማኔው ኩታውን፥ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዱን እየሠሩ ሲያቀርቡ፥ ሕዝቡ በማረሻው እያረሰ፥ ኩታውን ለብሶ፥ በምጣዱ ጋግሮ እየበላ፥ ሠሪዎቹን ቡዳ እያለ ይሰድባቸው ነበር። ይህ ስድብ ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልጠፋም። ሊቃውንቱም ቢሆኑ የሚጽፉበት ብራና በፋቂ እጅ ተፍቆ እንደ ቀረበላቸው አንዳንድ ጊዜ ረስተዋል። ቁስል ማጠብን፥ ጉድጓድ መቆፈርን፥ እህልን ከነቀዝ መጠበቅን የሚያውቅ ሰው ከባለ ቅኔው በምንም አያንስም። በአገር ላይ ረኃብ ወይም በሽታ በገባ ጊዜም ባለ ቅኔው ቅኔውን አቆይቶ ውሃ ይቅዳ፤ ይህን የማያደርግ ቢሆን ዕውቀቱ ሳይሆን ልቡ ነው የጐደለ።

ደግሞም ስለ ራሱ የሚፈለግ ዕውቀት ነው እየተባለ ለክብር ብቻ የሚፈለግ ትምህርት አለ። ጓደኛውን በጉባኤ መካከል ለማሳፈር፥ ጌታውን በውዳሴ ለማታለል፥ ከሰው በላይ ለመቀመጥ የተማረ ሰው፥ ነጋዴ ከመሆን በቀር ሌላ አይደለም፤ የሚሸጠው ዕቃ ብቻ ይለያል። እንዲህ ካለው ይልቅ፥ የጥርብ ሙያ ልማርና ቤተ ሰቤን ልርዳ የሚለው ልጅ እጅግ ይሻላል።

እንግዲህ የማይጠቅም ዕውቀት የሚፈልግ ሰው ለሚያበላው ሕዝብ ምን ዕዳ አለበት? ጥቅም ካልሆነ ምን ይከፍላል? ሁለት ነገር ይከፍላል፤ የሚናገረው እውነት እንዲሆን ይጠነቀቃል፥ የተቀበለውንም ሳይቀብር ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ይህም የሚታይበት አንድ መጽሐፍ አለ።

በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዮሐንስ የሚባል የኒቅዩስ ጳጳስ በግብጽ አገር ነበረ። ይህ ሰው ከአዳም ጀምሮ እስከ ዘመኑ ድረስ ያለውን የዓለም ታሪክ ጻፈ። ዐረቦች ግብጽን የያዙት ከ639 እስከ 642 ዓመት ድረስ ስለ ነበር፥ እርሱ ስለዚያ ነገር የጻፈው ገና ትዝታው ሳይርቅ ነው። መጀመሪያ የጻፈው መጽሐፍ ጠፋ፤ የዐረብኛው ትርጓሜም ጠፋ። ነገር ግን በ1602 ዓመት፥ በኢትዮጵያ ስለ ዙፋን ጠብ በበዛበት ወራት፥ መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተርጕሞ ነበር። በዚያ ጊዜ ለኢትዮጵያ ሰው የሮም ቄሣሮችና የግብጽ ከተሞች ነገር፥ እርሱም 1000 ዓመት ሊሞላው የቀረበ ነገር፥ ምን ያደርግለት ነበር? ጦር አያስመልስም፥ ግብር አያቀልልም። ብራናው የፍየል ዋጋ ያስወጣል፤ ጸሐፊው ይበላል። ሆኖም አንዱ ተረጐመ፥ ሌሎችም ከእርሱ ገለበጡ፥ መጽሐፉም ቆየ። በ1883 ዓመት ዞተንበርግ የሚባል ሊቅ ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጓሜ ጋር በፓሪስ አሳተመው፤ የዚያን ዘመን ግብጽ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ከዚያ ወዲህ ይህን መጽሐፍ ሳይመለከቱ አያልፉም። እነዚያ ሰዎች ከግዕዙ ያገኙትም እንጀራ አይደለም፤ ያገኙት ሌላ ዕውቀት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ክፍተት አለ። ሕርቃል ከነገሠበት ከ610 ዓመት ጀምሮ ዐረቦች ወደ ግብጽ እስከ ገቡበት ድረስ ያለው የ30 ዓመት ያህል ታሪክ ከግዕዙ ጐድሏል። በእነዚያ ዓመታት ፋርሶች ግብጽን ይዘው ቆይተው ወጥተዋል፤ ጳጳሱም ይህን ሁሉ ሳይጽፍ አልቀረም ይሆናል። የጐደለው ቢገኝ በማንም ጎተራ አንድ ቁና እህል አይጨምርም። ሊቃውንት ግን የግሪክኛውን፥ የሱርስቱን፥ የአርመንኛውንና የዐረብኛውን ጸሐፊዎች ቃል ጎን ለጎን አስቀምጠው፥ ያንን ክፍተት ለመሙላት እስከ ዛሬ ይደክማሉ።